የጫንነውን አህያ የት እናሳድረው?

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ለአጥቢያ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የበጎ ፈቃደኞች በእንስሳት መጠለያ ሊሠሩት ስለሚገባ ሥራ ነው። ርእሱ በተነገረ ጊዜ ከመካከላችሁ ፈገግ ያሉ መኖራቸውን አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም። በአገራችን አህያ የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ነው። የእርሻ በሬ ስም ይወጣለታል፣ ይሞገሳል፣ ይፎከርበታል። በቅሎ ግላስ ተደርጎላት ሠርግ ትሄዳለች። ፈረስማ የጌታው መጠሪያ ይሆናል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም አባ ታጠቅ እንደ ነበረ በዚህ አካባቢ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። በአህያው የተጠራ ንጉሥ ግን ሰምተን አናውቅም። ሆኖም ንጉሡም ድሀውም የሚበላውን እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ገበያ ያደረሰው ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው።

ከስብሰባው በፊት አንድ በዕድሜ የገፉ ወንድም ጠጋ ብለው፣ «ሰው በሚራብበት አገር የምእመናንን መባና ጉልበት ለአህያ ማዋል ይገባልን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ቅን ነው፤ የብዙዎቻችሁም ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር።

በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ በዚሁ በአሁኑ ደቡብ ጎንደር፣ በኢብናት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በርዳታ መጠለያ ተሰብስቦ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1985፣ በጊዜው መንግሥት ባለ ሥልጣኖች ትእዛዝ ሕዝቡ በግድ ወደየቀየው እንዲመለስ ተደረገ፤ ያረፈባቸውም ጎጆዎች ተቃጠሉ። ይህ በዓለም ሁሉ የተሰማ ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ እንድታስቡልኝ የምፈልገው ሕዝቡ ምን ይዞ እንደ ተመለሰ ነው። የተራበ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ ከመውጣቱ በፊት በመጀመሪያ ፍየሉንና በጉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻም በሬውንና አህያውን ይሸጣል፤ ያውም ሁሉም ሻጭ በሆነበት፣ ዋጋ በወደቀበት ገበያ። ያልተሸጠውም በመኖ እጦት ይሞታል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ስፍር እህል ተሰጥቶት ወደ አገሩ ሲመለስ እህሉን የሚጭንበት የለውም፤ በክረምቱም የሚያርስበት የለውም። ስለዚህ ነው በዚያ ዘመን የርዳታ ድርጅቶች ከእህሉ ቀጥሎ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ በአንዳንድ ስፍራም በሬ ወደ ማደል የሄዱት።

ከዚያ በፊትም አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ዘመን ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ ጣልያኖች ለጦራቸው በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ከ1888 እስከ 1892 ድረስ በቆየው መከራ በብዙ አውራጃ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ ያህል አለቀ፤ ዝናብም ቀረ፣ አንበጣና ተምችም ተጨመረ። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን በዶማ ይቆፍር ጀመር። ሰው ያለቀው ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለጥያቄው መልስ የሚሆን ይመስለኛል፤ እንስሳውን ማዳን ሰውን መርሳት አይደለም፣ ረሀቡን ከሩቁ መቀበል ነው።

ደስታ የተባለው በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውጇል። ከኢትዮጵያ እንዲጠፋ ካደረጉት መካከል ደግሞ በ1990ዎቹ በአፋር በረሃ ከየጎሣው ተመርጠው ጥቂት ሥልጠና ያገኙ አርብቶ አደሮች ይገኙበታል። ሙቀት የሚችለውን ክትባት ተሸክመው፣ መኪና በማይደርስበት በእግራቸው እየሄዱ የወገኖቻቸውን ከብት ከተቡ። የእንስሳት ሐኪሞች አልነበሩም፤ ግን ሐኪሙ የማይደርስበትን ያውቁ ነበር። የበጎ ፈቃደኛ አገልግሎት ስንል ይህን የመሰለውን ማለታችን ነው።

ወደ አህያችን ልመለስ። ሴቶች እኅቶቼ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አህያ በሌለበት ቤት የውሃው እንስራ፣ የማገዶው ጭነት፣ ወደ ወፍጮ የሚሄደው ስልቻ ሁሉ በሴት ጀርባ ላይ ነው። አህያው ሲታመም የሚታመመው ብቻውን አይደለም። ልጂቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ እናቲቱ ወገቧን ትታመማለች። መንገድ በተበላሸ ወይም በተዘጋ ጊዜም፣ ከወረታ እስከ ጋይንት ባለው አገር ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው እህልና ድንች የሚንቀሳቀሰው በዚሁ እንስሳ ነው። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያላት አገር ኢትዮጵያ መሆኗን ከእናንተ ብዙዎቹ ላያውቁ ይችላሉ። በሚሊዮኖች የሚቆጠር አህያ አለን፤ በስሙ የተሠራለት ማደሪያ ግን ጥቂት ነው።

ማደሪያ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አህያ የቆላ ፍጥረት ነው። የዱር አህያ እስከ ዛሬ በቁጥር እጅግ ተመናምኖ የሚገኘው በአፋር በረሃና በአካባቢው ነው፤ የቤት አህያም የተገኘው ከእርሱ ወገን ከሆነው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። እግዚአብሔር ለደረቅ አገር ያዘጋጀው በመሆኑ ጠጉሩ እንደ ፈረስ ጠጉር ዝናብ አያንሸራትትም፤ ውሃው እስከ ቆዳው ዘልቆ ይገባል። እኛ ደግሞ ይህንኑ እንስሳ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ አውጥተን፣ የጉና ውርጭና የሐምሌ በረዶ በሚወርድበት ደጅ እናሳድረዋለን። በሬው ጋጣ ይገባል፣ በጉም ይገባል፣ ዶሮዋ እንኳ ከቤት ታድራለች። አህያው ከአጥር ጥግ ቆሞ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ ጀርባውን ለዝናቡ ሰጥቶ ሲያድር እናየዋለን። «ችሎት ነው» እንላለን። አህያ ሕመሙን የሚደብቅ ፍጥረት ነው፤ ፈረስ በሚንፈራገጥበት ሕመም አህያ ዝም ብሎ ይቆማል። ዝምታውን እንደ ጤንነት መቍጠራችን ትልቁ በደላችን ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ጋፋት ራሱ አንድ ነገር ልበል፤ የቆምንበት ምድር የሚያስተምረው አለና። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ የኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት በስዊዘርላንድ ከክሪሾና የሠለጠኑ የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያን ወደዚህ አገር ላከ። ከእነርሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነበር። የመጡት ወንጌልን ለማስተማርና ሙያ ለማሳየት ነበር፤ ንጉሡ ግን መድፍ እንዲሠሩላቸው ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1867 ከእነዚሁ ሠራተኞች እጅ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ እዚሁ ጋፋት ላይ ወጣ፤ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል እንደሚሆን ይነገራል። ከዚህ እስከ መቅደላ ገደሉን ወርዶ፣ ተራራውን ወጥቶ የደረሰው በሰው ጉልበት ተጎትቶ ነው። ንጉሡ ራሳቸው በሥራው መካከል ነበሩ። ይህን የምናስታውሰው በኩራትም በሐዘንም ነው።

በዚያው ወራት በናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በዙላ በኩል መጣ። 44 ዝሆኖችን፣ ከዚህም ሌላ እጅግ ብዙ በቅሎ፣ ግመል፣ በሬና አህያ ይዞ ነበር። በዙላ ወደብ ውሃና ጠባቂ ሳይዘጋጅላቸው ከመርከብ የወረዱት በቅሎዎች በጥምና በበሽታ በብዛት አለቁ። ገንዘብ ያልጎደለው፣ መሐንዲስ ያልጎደለው ጦር፣ የውሃ ገንዳና ማሰሪያ ቀድሞ ባለማዘጋጀቱ እንስሳቱን በባሕሩ ዳር ጣላቸው። ሐሳባችን ትልቅ፣ ገንዘባችንም በቂ ቢሆን እንኳ ገንዳው ካልተዘጋጀ እንስሳው ይሞታል። የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ልብ በሉልኝ፤ የበጀት ወረቀት ውሃ አይቀዳም።

ዋልድማየር ከመቅደላ እስራት ከተፈታ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 በአስፉሪየ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተመሠረተ፤ መሥራቹ እርሱ ነበር። በሰንሰለት ይታሰሩ ለነበሩ ሕሙማን ማደሪያ ሠራ ማለት ነው። ራሱ እስረኛ የነበረ ሰው መሆኑ በዚህ ሐሳብ ላይ ምን ያህል እንደ ሠራ እግዚአብሔር ያውቃል።

አሁን ወደ መጠለያው ሥራ ልግባ። በዓለም ላይ ስለ አህዮች መጠለያ ሲነሣ ሁልጊዜ የምትጠቀሰው ኤልሳቤጥ ስቨንድሰን የተባለች እንግሊዛዊት ናት። በደቡብ እንግሊዝ በዴቨን ሆቴል የምታስተዳድር፣ የልጆች እናት ነበረች። በገበያ ላይ በጠባብ በረት ታጭቀው የቆሙ አህዮችን አይታ እ.ኤ.አ. በ1969 የአህዮች መጠለያ አቋቋመች። አጀማመሯ በጥቂት አህዮች ነበር። በ1974 ግን አንዲት ሌላ ሴት ስትሞት ትጠብቃቸው የነበሩትን 204 አህዮች በኑዛዜ ለእርሷ ተወችላት። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ቀን 204 አህያ! ትታቸው ልትሸሽ ትችል ነበር። ተቀበለቻቸው፤ ሥራውም ከዚያ ወዲያ እስከ አገራችን ደረሰ። በ1980ዎቹ ዓመታት የመጠለያው ሰዎች ከደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር በአህያ የሆድ ትላትል ላይ ጥናትና ሕክምና ጀመሩ፤ ኋላም በአዲስ አበባ መርካቶ እህል ጭነው ለሚገቡ አህዮች ሕክምና ተሰጠ። ስቨንድሰን እ.ኤ.አ. በ2011 አርፋለች።

ከዚህች ሴት ሥራ የምወስደው ግን 204 አህዮችን መቀበሏን አይደለም። በአገራችን ሁኔታ ያንን ማድረግ አንችልም፤ እንሞክረውም አልልም። በሆለታ አጠገብ እንስሳ ኮቴ የተባለ የዱር አራዊት መጠለያ አለ፤ ከሕገ ወጥ ንግድና ከጠባብ ጎጆ የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎች፣ ዝንጀሮዎችና ሌሎችም ይኖሩበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ ጫካ መመለስ ስለማይችሉ ዕድሜ ልካቸውን የሚመገቡት በሰው እጅ ነው። እንስሳን መቀበል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማኖሩ ግን የየቀኑ ነው። አህያ በጥሩ አያያዝ ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የእኛ መጠለያ የተጣሉ አህዮች እስኪሞቱ የሚጦሩበት እንዳይሆን እመክራለሁ። የደከመው የሚያርፍበት፣ የቆሰለው የሚድንበት፣ ድኖም ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ይሁን። በዚህ የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ በውይይቱ ጊዜ ይናገሩ።

ከሁሉ በላይ የምናየው ቍስል ገጣባ ነው። የገጣባ ምክንያቱ ክፋት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ኮርቻው ነው። አንድ ጆንያ በቀጥታ በአከርካሪው ላይ ይጣልና መጫኛው ከላይ ይጠብቃል። ጭነቱ በሥጋ ላይ ሳይሆን በአጥንት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። መፍትሔው ከየቤታችሁ አይጠፋም፤ ሁለት ጠባብ ከረጢት ገለባ ሞልቶ፣ በመካከላቸው ለአከርካሪው ባዶ ቦይ ትቶ መስፋት ነው። ያን ጊዜ ጭነቱ በግራና በቀኝ ጎድን ላይ ያርፋል። ከረጢቱ ሲረጥብ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እርጥብ ከረጢት ቆዳን ያላላል። የአገራችን አህያ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የክብደቱን አንድ ሦስተኛ ከተሸከመ በቂ ነው። ኩንታል ሙሉ የሚጭን ሰው አህያው ከራሱ ጋር የሚተካከል ሌላ አህያ እንዲያዝል አደረገው ማለት ነው።

ቍስሉ አንዴ ከወጣ ተፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አጥቡት። የተቃጠለ የሞተር ዘይትና የባትሪ ውሃ አታፍስሱበት፤ በጋለ ብረትም አትተኩሱት። ይህን የሚያደርጉት ለማዳን ብለው ነው፤ ነገር ግን በቍስል ላይ ቍስል ይጨምራሉ። ትል የገባበት ወይም እስከ አጥንት የደረሰ ከሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂድ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ተማሪዎቹ በእረፍታቸው ወራት መጥተው እንዲረዱ መጠየቅ ይቻላል፤ ሳንጠይቅ እንዳንቀር ብቻ። ከዚህ ሌላ ግን የገጣባ ዋና መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ጭነት አለመጫን።

የሥራው ሁሉ ቋጠሮ ያለውም እዚህ ላይ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አንድ አህያ አላት እንበል። ጀርባዋ ተገጥቧል። እኛ ሄደን፣ «እማማ፣ አህያዋን ለሦስት ሳምንት ያሳርፏት» እንላቸዋለን። ምን ብለው ይመልሱልናል? «ውኃውን ማን ያመጣልኛል ልጄ?» ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው። ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ የሚሰጥ ምክር፣ ካህኑና ሌዋዊው በመንገድ ዳር የወደቀውን አይተው እንዳለፉት መሆን ነው። ስለዚህ በመጠለያው ያረፈ እያንዳንዱ አህያ ሸክሙን የሚረከብለት ሰው ይኑር እላለሁ። ከወጣቶቻችን ሁለቱ ተራ ገብተው ውኃውን ይቅዱ፤ ወይም ሁለት አህያ ካለው ቤት አንዱ በውሰት ይምጣ። አባቶቻችን 70 ኩንታል ብረት እስከ መቅደላ ከጎተቱ፣ እኛ አንድ ጀሪካን ውኃ ለእናታችን ማድረስ አያቅተንም።

በሕግ መጻሕፍት፣ በዘጸአት ምዕራፍ 23 እንደ ተጻፈው፣ የሚጠላን ሰው አህያ እንኳ በጭነቱ ሥር ወድቆ ብናይ ትተነው እንዳንሄድ ታዘናል፤ ከባለቤቱ ጋር ሆነን እንድናነሣው እንጂ። ከባለቤቱ ጋር የሚለውን አስተውሉ። ባለቤቱን ሰድበን አህያውን አናነሣም። በገበያ ላይ የቆሰለ አህያ የሚነዳ ገበሬ ስናይ መቆጣት ይቀናናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ድህነቱን መምታት ስላቃተን ድሀውን እንመታለን። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ሰዎች በሰንበት እንኳ በሬያቸውንና አህያቸውን ከግርግም ፈትተው ውኃ እንደሚያጠጡ ጠቅሶ ተናግሯል። ለእርሱ ዘመን ሰዎች የማያጠያይቅ ነገር ነበረ። በእኛ ገበያ ግን አህያ ከጠዋት እስከ ማታ ጭነቱ እንኳ ሳይወርድለት፣ ውኃ ሳያይ ቆሞ ይውላል።

መጠለያው እንዴት ይሠራ ለሚለው ጥያቄ፣ ወንድሞች አናጢዎች ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። እኔ የምለምነው ጥቂት ነው። ቦታው ተዳፋት ይሁን፤ ከበላይ በኩል ቦይ ይቆፈር፤ ወለሉ በድንጋይ ከፍ ይበል። እርጥበት ላይ የሚያድር አህያ ሰኮናው ይበሰብሳል። ሦስት ግድግዳ ይበቃል፤ ጀርባው ነፋሱ ወደሚመጣበት ይሁን። የባሕር ዛፍ አጠና በየቤቱ አለ፤ ምርጊቱን ወጣቶች ይችሉታል። ክዳኑ ሣር ቢሆን ከቆርቆሮ ይልቅ ለውርጩ ይሻላል፤ በየዓመቱ ማደስ ግን ይጠይቃል። ለጅብ ደግሞ ግቢው በድንጋይ ካብ ይታጠር፤ በሩ ጠንካራ መቀርቀሪያ ይኑረው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላልና፣ አህዮች ብዙ ስለሆኑ ይተማመናሉ ብላችሁ ክፍት አትተዉ።

የናይሎን ገመድ እግር ላይ አይታሰር፤ እስከ አጥንት ይቆርጣል። ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ይሻላል። ገንዳው በየቀኑ ይታጠብ፤ አህያ በጥም ቢቃጠልም የቆሸሸ ውኃ አይጠጣም። መኖው የገብስ ገለባና ድርቆሽ ይሁን፤ ለማዘን ብላችሁ ብዙ እህል አትስጡት፣ ሆዱን ይጎዳዋል። መብላት ያቆመ አህያ ካያችሁ ግን ነገ እንየው አትበሉ፤ አህያ ጥቂት ቀን ከምግብ ከተለየ በደሙ ውስጥ ስብ በዝቶ ሊሞት ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች አያውቁትም። አህያ ጓደኛ ይይዛል። ሁለት አብረው ያደጉ አህዮች ከተለያዩ አንዱ መኖ እስከ መተው ይደርሳል። ስለዚህ ከአንድ ቤት ሁለት ካሉ፣ ጤነኛውንም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አብራችሁ አምጡት።

ፍጉን በየጠዋቱ ጥረጉ፤ ዝንብ የሚራባው እዚያ ነው፤ ዝንቡም ቍስሉን ያበላሻል። አንድ ጎን ከምራችሁ ስታቆዩት ደግሞ ለድንች መሬት የተመኘነው ማዳበሪያ ይሆናል። የመጠለያውን ወጪ ለመሸፈን ከመለመን ይልቅ ፍጉን መሸጥ የሚሻል ይመስለኛል፤ ይህን ለሒሳብ ያዦቹ እተወዋለሁ።

ስለ ገበያው ዋጋም አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአህያ ቆዳ በቻይና አገር መድኃኒት ነው ለሚባል ሙጫ መሥሪያ ይፈለጋል። ለዚሁ ብሎ በቢሾፍቱ የተከፈተ የአህያ ቄራ ሕዝቡ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በመቃወሙ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ። በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ ሁሉ እንዲቆም ወሰኑ። ውሳኔው መልካም ነው። ነገር ግን ደላላ በሌሊት መጥቶ ለደከመች አህያ ጥሩ ዋጋ ሲያቀርብ፣ ባለቤቲቱ ልትሸጣት የምትችለው የምታሳርፍበት ስታጣ ነው። ድና እንደምትመለስላት ካወቀች አትሸጣትም። ነቢዩ ዮናስ በነነዌ ላይ በተቆጣ ጊዜ እግዚአብሔር ስለ ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን በከተማይቱ ስላሉት ብዙ እንስሳት ጭምር ማዘኑን ነገረው፤ የመጽሐፉ ፍጻሜም ይኸው ነው።

ጎረቤቶቻችን አብዛኛዎቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው። መጠለያው የእኛ ነው ብለን በር ላይ ስም እንዳንጽፍ እለምናለሁ። በደቦ እንጥራቸው፤ ይመጣሉ። በደቦ ያልመጣ የአገራችን ሰው አላየሁም። ለጾም ቀን ደግሞ ምግቡ የጾም እንዲሆን የሴቶች ማኅበር ቀድሞ ያስብበት። የአህዮቹም ባለቤቶች በግቢው ሲገቡ ስብከት ይጠብቀናል ብለው እንዳይፈሩ፣ በመጀመሪያ የሚያዩት ገንዳውን ይሁን።

ሥራው ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ይጀመራል፤ በዚያ ጊዜ አውድማ ስለሚያልቅ ገለባም ሰውም ይገኛል። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። አናጢዎች ከባሕር ዛፉ በፊት የቦዩን መስመር ያውጡ። ያረጀ ጆንያ፣ ያረጀ ጋቢ፣ የተቀደደ ብርድ ልብስ ያላችሁ እንዳትጥሉት፤ እኅቶች ለኮርቻው ከረጢት ይሰፉታል። ውኃ ለመቅዳት ተራ የሚገቡ ወጣቶች ዛሬ ከመውጣታቸው በፊት ስማቸውን ለጸሐፊው ያስመዝግቡ፤ እያንዳንዱም በየትኛው ቀን እንደሚችል ይጻፍ፤ «በማንኛውም ቀን» የሚል አይመዝገብ።